ከእሳት እራቷ ጀርባ ያለችው ሴት

ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ሲያብድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን እንደነካካው ነው። ቀጥሎ አንዱ ይመጣና አጥፍታችሁ አብሩት ይላል። አልሆን ሲል ባግ አለው ተብሎ ይደመደማል። ባግ በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህ ቃል በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ስም አለ፤ ግሬስ ሆፐር። ስለ እሷ ከሚወራው ግን ብዙው የተጋነነ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947፣ አሜሪካ፣ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ ብረት ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ እየተሳቡ ቀጭ ቀጭ የሚሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ ሪሌይ ይባላሉ። ማርክ 2 የተባለውን ማሽን ከጠዋት ጀምረው ሲፈትሹ ቆይተው፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ45 ላይ ፓነል ኤፍ፣ 70ኛው ሪሌይ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኘች። (ይህቺኛዋ የሪሌይ እራት ሆነች ማለት ነው።) ሠራተኞቹ አውጥተው የሥራ መዝገቡ ላይ በስኮች ለጠፏት፤ ሥሯም እውነተኛ ባግ ሲገኝ የመጀመሪያው ነው የሚል ቀልድ ጻፉ። መዝገቡ ከነእሳት እራቷ ዛሬም አሜሪካ ሙዚየም ውስጥ አለ።

ልብ በሉ፤ ቀልዱ የሚያስቀው ቃሉ ቀድሞም ስለነበረ ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1870ዎቹ የፈጠራዎቹን እክል በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የእሳት እራቷንም ያገኘቻት ግሬስ አይደለችም። ታሪኩን እንደ እሷ አጣፍጦ የሚያወራ ስላልነበረ ነው ስሟ ላይ ተለጥፎ የቀረው። የሚያናድደው ደግሞ ይህቺ ቀልድ ትልቁን ሥራዋን መሸፈኗ ነው።

ግሬስ በ1906 ኒው ዮርክ ተወለደች። በ7 ዓመቷ እንዴት እንደሚሠራ ልወቅ ብላ የደወል ሰዓት ፈታታች፤ መልሶ መግጠሙ ሲያቅታት ሌላውን፣ ከዚያም ሌላውን እያለች ሰባት ሰዓት ፈታች። ከዚያ ወዲያ እናቷ የፈቀዱላት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ቤት ቢሆን ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በ1934 ከዬል በሒሳብ ዶክትሬቷን ያዘች፤ አስተማረች። ጦርነቱ ሲመጣ ባሕር ኃይል ልግባ አለች። ዕድሜሽ ገፍቷል፣ ክብደትሽም ያንሳል ተባለች። በልዩ ፈቃድ ገብታ በ1944 ሃርቫርድ፣ ማርክ 1 ላይ ተመደበች።

ማሽኑ ትዕዛዝ የሚቀበለው ወረቀት ላይ ከተበሱ ቀዳዳዎች ነበር። አንዷ ቀዳዳ ቦታዋን ከሳተች መልሱ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ግሬስና ባልደረቦቿ በትክክል የሠራላቸውን የፕሮግራም ቁራጭ ደብተር ላይ ይይዛሉ፤ ሌላ ሥራ ሲመጣ አንዱ ከአንዱ ይገለብጣል። ችግሩም እዚሁ ጋ ነው። ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል፣ የቦታ ቁጥሮችን ሲደምር ይሳሳታል። ማሽኑ አበደ ሲባል ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የሳተው የገለበጠው ሰው ነው። ግሬስ ሰዎቹን አልተቆጣችም፣ ሥራውን ከእጃቸው ወሰደችው። መገልበጡንም መደመሩንም ማሽኑ ራሱ ይሥራው ብላ በ1952 ኤ-0 የተባለውን ኮምፓይለር አደረሰች። ቁጥር ሲሰጠው ቁራጩን ከቴፕ ላይ ፈልጎ ያገጣጥማል።

ያመናት ግን ጥቂት ነው። ኮምፒውተር ሒሳብ ያሰላል እንጂ ፕሮግራም አይጽፍም ነበር የሚሏት። እሷ ጭራሽ ትዕዛዙ በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሁን ብላ ፍሎው-ማቲክ የሚባል ቋንቋ አመጣች። በ1959 የተጀመረው ኮቦል ከዚያ ብዙ ወስዷል። ኮቦልን ብቻዋን ፈጠረች የሚሉም አሉ፤ እሱ የኮሚቴ ሥራ ነው።

ባሕር ኃይል በ1966 ጡረታ አስወጣትና በ1967 ለስድስት ወር ብቻ ነይ ብሎ ጠራት። አንዱ ማሽን ላይ በደህና የሚሠራ የኮቦል ፕሮግራም ሌላው ላይ ያስቸግር ስለነበር፣ ሁሉንም አንድ መስፈርት ላይ ማምጣት ሥራዋ ሆነ። ስድስት ወሩ 19 ዓመት ሆነ። ቢሮዋ ውስጥ ወደ ኋላ የሚዞር ሰዓት ሰቅላ ነበር፤ ድሮም እንዲህ ነው የምንሠራው ለሚሏት ሰዎች መሆኑ ነው።

በ1986 በ79 ዓመቷ ሪር አድሚራል ሆና ተሰናበተች። በየንግግሯ 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነች ሽቦ ታድላለች፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ናኖ ሰከንድ ከዚያ በላይ አይሄድም። መልእክት በሳተላይት ሲላክ ለምን ይዘገያል ብለው ለሚጠይቋት ጄኔራሎችም እስከዚያ ድረስ ስንት ሽቦ እንደሚደረደር ቁጠሩ ትላቸዋለች። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 አረፈች፤ የተቀበረችው አርሊንግተን፣ ወታደሮቹ ዘንድ ነው።