ቶማስ ላታ፦ ውኃንና ጨውን ወደ ደም ሥር የመለሰው ሐኪም

የኮሌራ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1831 መጨረሻ በሰንደርላንድ ወደብ በኩል ወደ ብሪታንያ ሲገባ የዘመኑ ሐኪሞች ፍቱን መድኃኒት አልነበራቸውም። ተቅማጥና ትውከት ፈሳሹን ጨርሶበት ዓይኑ የጎደጎደውን፣ ቆዳው የተሸበሸበውን ሕመምተኛ ብዙዎቹ ደሙን እያፈሰሱ ያክሙት ነበር። ይህ ሕክምና የባሰ ያዳክመው እንደ ነበር የታወቀው ዘግይቶ ነው።

ቶማስ ላታ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1819 በዶክተርነት ተመረቀ። በተማሪነቱ ከዝነኛው የዓሣ ነባሪ አዳኝ ካፒቴን ዊልያም ስኮርስቢ ጋር ወደ አርክቲክ ባሕር ተጉዟል። ኋላም በኤድንብራ አቅራቢያ በምትገኘው የወደብ ከተማ በሊዝ ተቀምጦ በሐኪምነት አገለገለ።

በዚያው ሰሞን የ22 ዓመቱ አየርላንዳዊ ሐኪም ዊልያም ኦሾነሲ የኮሌራ ሕሙማንን ደም መርምሮ፣ ደሙ ብዙ ውኃና ጨው እንዳጣ አረጋገጠ። የጎደለውን መልሶ መተካት እንደሚገባም ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን በሕመምተኛ ላይ በተግባር ያዋለው ግን ላታ ነበር። በመጀመሪያ ፈሳሹን በአፍና በፊንጢጣ በኩል ሰጥቶ ዘላቂ ጥቅም ስላላገኘበት፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1832 በቀጥታ ወደ ደም ሥር ለማስገባት ወሰነ።

የመጀመሪያዋ ታካሚ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የተለመደው ሕክምና ሁሉ ተሞክሮ አልሠራም፤ የልብ ትርታቸው ጠፍቶ ለሞት ተቃርበው ነበር። ላታ በክንዳቸው ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ለብ ያለ የጨው ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ያንቆረቁር ጀመር። ለጥቂት ጊዜ ለውጥ አልታየም። ከዚያ ትንፋሻቸው ረጋ፤ ገላቸው ሞቀ፤ የልብ ትርታቸው ተመለሰ። በግማሽ ሰዓት 3 ሊትር ያህል ከገባላቸው በኋላ ሕመሙ እንደ ለቀቃቸው፣ የቀራቸውም እንቅልፍ ብቻ እንደ ሆነ ተናገሩ። ላታ እንደ ዳኑ አምኖ ለሌላ ሐኪም አደራ ብሎ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ግን ተቅማጡና ትውከቱ አገረሸ፤ ፈሳሹም አልተደገመላቸውም። ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ሕይወታቸው አለፈ።

ላታ ከዚህ ሞት የተረዳው፣ ተቅማጡ እስካልቆመ ድረስ መተካቱም መቆም እንደሌለበት ነው። ከዚያ በኋላ ለታከሙት ደጋግሞ ሰጣቸው፤ ከሞት አፋፍ የተመለሱም ነበሩ። ሥራው በሰኔ ወር ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ወጣ። እርሱ ራሱ ግን በጥቅምት 1833 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሕክምናው የሚሰጠው ተስፋ ለተቆረጠባቸው ብቻ ስለ ነበር፣ ውኃውም ከጀርም የነጻ ስላልነበረ፣ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ተረሳ።

በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ስኳር ከጨው ጋር ሲጠጣ አንጀት ጨዉንና ውኃውን እንዲመጥ እንደሚረዳ በሕሙማን ላይ አረጋገጡ። በአገራችን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ኦ.አር.ኤስ. የተገኘው ከዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት ይይዛል።

የላታ ትምህርት ዛሬም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለአረጋውያን ነው። ዕድሜ ሲገፋ የውኃ ጥም ስሜት ይደክማል፤ ኩላሊትም ውኃና ጨው የመቆጠብ ኃይሉ ይቀንሳል። ለደም ግፊት የሚወሰዱ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ጉድለቱን ያባብሳሉ። የፖታሲየም ማነስ የልብን ምት ያዛባል፤ የሶዲየም ማነስ ደግሞ የእርጅና የሚመስል መደናገር ያመጣል። ብዙ ፈሳሽ ለወጣው ሰው ውኃ ብቻ ማጠጣትም የሶዲየሙን መጠን ይበልጥ ያወርደዋል።

በአል ተዓውንም ሆነ በሌሎች የሻርጃ፣ የዱባይና የአጅማን ሰፈሮች በዕድሜ የገፉ ወላጆቻቸውን ተቀብለው የሚያስተናግዱ ወገኖቻችን፣ ተቅማጥ እንደ ጀመረ ከፋርማሲ የሚገኘውን ኦ.አር.ኤስ. በጥቅሉ ላይ በተጻፈው መጠን በጥብጠው በትንሽ በትንሹ ደጋግመው ሊሰጡ ይገባል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው መጠኑን ከሐኪም ጋር ይወስኑ። አረጋዊው መጠጣት ካቃተው፣ ሽንቱ ካነሰ ወይም ከተደናገረ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ወይም በ998 አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።