ቄስ ሳሙኤል ጎባት፤ የቤተ ሰብ አባትና እረኛ



የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር በተነሣ ቍጥር በጋፋት መድፍ ያበጁትን የውጭ አገር የእጅ ሠራተኞች የማያስታውስ አንባቢ የለም። እነዚያን ሠራተኞች ከኢየሩሳሌም ሆነው ያስላኩትን ቄስ ግን የሚያነሣቸው ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያነሣቸውም ቢሆን ወይ የኢትዮጵያ ወዳጅ ነበሩ ብሎ ያሞግሳል፤ ወይ ሃይማኖታችንን ሊያላሉ የመጡ ናቸው ብሎ ይነቅፋል። እኔ በተዋሕዶ እምነት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስለሆንሁ ትምህርታቸውን ለማስፋፋት አልጽፍም። ነገር ግን ታሪካቸውን ከዳር እስከ ዳር ሳነብ ከሹመታቸው ይልቅ የቤታቸው ነገር ልቤን ስለ ነካው፤ እንደ እኔ ላሉ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ይጠቅም ይሆናል ብዬ ይህችን አጭር ጽሑፍ ልኬአለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሳሙኤል ጎባት የተወለዱት በ1799 በስዊስ አገር፤ በበርን አውራጃ፤ ክሬሚን በምትባል መንደር ነው። በ1821 በባዝል ከተማ ካለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም በፓሪስ ከታወቁት ሊቅ ከሲልቬስትር ደ ሳሲ ዘንድ ዐረብኛ ተማሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የሚስዮን ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ መደባቸውና ከባልደረባቸው ከክርስቲያን ኩግለር ጋር በ1826 ግብጽ ደረሱ። መንገዱ ስላልተከፈተላቸው ግን ሦስት ዓመት ያህል እዚያው ጠበቁ። ምጽዋ የረገጡት በ1829 መጨረሻ ነው።

የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በመልካም ተቀበሏቸው። በ1830 ጎንደር ገብተው ስድስት ወር ያህል ሲቀመጡ፤ ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ በካይሮ ወደ አማርኛ የተረጐሙትን ወንጌል ለሊቃውንቱ ያድሉ ነበር። ጊዜው የጎንደር ሊቃውንት በቅባትና በጸጋ ነገር እርስ በርሳቸው የሚከራከሩበት ጊዜ ነበር። እሳቸውም ከእጨጌ ፊልጶስና ከሌሎች ካህናት ጋር ተቀምጠው ብዙ ተነጋገሩ፤ ብዙም አደመጡ። ወደ ትግሬ ከተመለሱ በኋላ ግን መከራ ተደራረበ። ኩግለር ጠመንጃ ፈንድቶበት በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። በ1831 መጀመሪያ በደብረ ዐባይ ጦርነት ራስ ማርዬ ወደቁ፤ የተማረኩት ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተገደሉ። ጎባት ጠባቂና ባልደረባ በሌለው አገር ከወዲያ ወዲህ ሲንከራተቱ ቈይተው ወደ ግብጽ ተመለሱ። ያዩትንና የሰሙትን የጻፉበት የዕለት መዝገብ በ1834 በሎንዶን ታትሞ ወጣ። የዘመነ መሳፍንትን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

በዚያው በ1834 ማሪያ ጼለር የተባሉትን ወይዘሪት አገቡ። የማሪያ አባት ክርስቲያን ሃይንሪኽ ጼለር በራይን ወንዝ ዳር፤ ቦይገን በሚባል ስፍራ፤ የድኻ ልጆች የሚያድጉበትንና መምህራን የሚሠለጥኑበትን ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ነበሩ። ሙሽሪቷም ጊዜ ሳትፈጅ ከባልዋ ጋር ተነሥታ፤ ኋላ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከጻፉት ከኢዘንበርግ ቤተ ሰብ ጋር በ1835 ዐድዋ ገባች።

ልቤን የነካው ክፍል ይኸው ነው። ጎባት ያን ያህል የናፈቁትን ሥራ ሳይጀምሩት በጽኑ ታመሙ፤ ዐድዋ በቈዩበት ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፉት በአልጋ ላይ ነው። የበኵር ልጃቸው እዚያው ተወለደች። በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በማታውቀው አገር፤ ቋንቋውን ሳትለምድ፤ በአንድ እጅዋ ሕፃን፤ በሌላው እጅዋ በሽተኛ ይዛ ከረመች። በ1836 ለመመለስ ሲነሡ ባልየው ገና ድካሙ አለቀቃቸውም ነበር፤ ሕፃኗም በመመለሻው ጉዞ ሞተች። አራስ ይዞ በዚያ በረሓ መጓዝ፤ ቀድሞስ ሚስትን ወደዚያ መከራ ማምጣት ተገቢ ነበር ወይ? እኔ የልጆች አባት ነኝና ይህን ደጋግሜ አስቤ መልስ አላገኘሁለትም። ለእግዚአብሔር ሥራ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን ሕፃኗና እናቷ ናቸው። ስለዚህ ሰውየውን ሳመሰግን ይህን ዘንግቼ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላዩአትም። በማልታ ደሴት የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ሥራ ተቈጣጠሩ። በ1846 ደግሞ እንግሊዝና ፕሩስያ በኅብረት ላቋቋሙት ለኢየሩሳሌም መንበር በፕሩስያው ንጉሥ ተመርጠው ኤጲስ ቆጶስ ሆነው ተሾሙ። በዚህ ሹመት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠሩ። ከሁሉ አስቀድመው የያዙት ትምህርት ቤት መክፈትን ነው፤ ይኸውም ከሚስታቸው አባት ቤት የቀሰሙት ሳይሆን አይቀርም። በጽዮን ተራራ ላይ ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በስማቸው ሲጠራ ኖረ። ሌሎች ትምህርት ቤቶችም በየከተማውና በየመንደሩ ተከፈቱ። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ምእመናን ወደ ራሳቸው ይስባሉ ተብለው ከገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ሳይቀር ተነቅፈዋል፤ ነቀፌታው ከንቱ ነበር ለማለት አልችልም።

ቤታቸው ግን ሥራቸውን የሚካፈል ቤት ነበር። ሐና የተባለችው ልጃቸው የናዝሬቱን ሚስዮናዊ ቄስ ዮሐንስ ጼለርን አግብታ በዚያ ኖረች፤ የቅድስት አገርን የዱር አበቦች በሥዕል የገለጸ መጽሐፍም አሳትማለች። የናዝሬቱ ቤተ ክርስቲያን በ1871 ሲመረቅ ዐማቹ ካህን፤ አማቱ ኤጲስ ቆጶስ ነበሩ። በማልታ በ1842 የተወለደችው ዶራም የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን ትምህርት ቤትን አስተዳዳሪ አግብታ በመዝሙር ደራሲነት ታወቀች።

ለእኛ አገር ያላቸው አሳብም አልተቋረጠም። በኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን የነበሩት መነኮሳታችን በ1838 በወረርሽኝ በሽታ አልቀው፤ በኋላ የመጡት ጥቂቶች የቤተ ክርስቲያናቸው ቍልፍ ከእጃቸው ወጥቶ ይቸገሩ ነበር። ጎባት ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ሆነው ስለ እነርሱ ተከራከሩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ያልተቋጨ ቢሆንም፤ ተናጋሪ ባልነበራቸው ጊዜ ስለ መነኮሳቱ መናገራቸው ሊረሳ አይገባም።

የጋፋት ሠራተኞች ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጎባት ያሰቡት በእጃቸው ሥራ ራሳቸውን እየረዱ ወንጌል የሚያስተምሩ ሰዎችን ከክሪሾና ለመላክ ነበር። ከ1856 ጀምሮ ፍላድ፤ ቤንደር፤ ማየር፤ ኪንስለን፤ ኋላም ዛልሙለርና ቫልድማየር መጡ። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ መድፉን ፈለጉ፤ ሰዎቹም ሴባስቶፖልን አቀለጡ። በ1868 ከመቅደላ በኋላ በሕይወት የነበሩት ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። ጎባት በኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ በራሳቸው፤ አንድ ጊዜ በላኳቸው ሰዎች ሞከሩ፤ ሦስቱም እንዳሰቡት አልሆነም።

በ1879 በሰማንያ ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። አርባ አምስት ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ወይዘሮ ማሪያም ብዙ ሳይቈዩ በዚያው ዓመት ተከተሏቸው። ሁለቱም የተቀበሩት በጽዮን ተራራ፤ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው። በዚያ ግቢ ዛሬም ይማሩበታል።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ራቅ ወዳለ አገር ስንዛወር ቤተ ሰባችንን ይዘን እንሂድ ወይስ ትተን እንሂድ እያልን እንጨነቃለን፤ የደከምንበት ሥራ ፍሬ ሳያሳይ ሲቀር ደግሞ ዕድሜያችን በከንቱ ያለፈ ይመስለናል። የጎባት ታሪክ ለመጀመሪያው ጭንቀት መልስ አይሰጥም፤ የዐድዋዋ ሕፃን ታስፈራናለችና። ለሁለተኛው ግን ይሰጣል። ሰውየው በተመደቡበት ሥራ ያልተሳካላቸውን ያህል በተረፉበት ስፍራ አስተማሩ፤ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ ለተቸገሩት መነኮሳት ቆሙ። ያም ሆኖ በደስታውም በመከራውም አብራቸው የነበረችው ማሪያ ነበረች። ስለዚህ የጋፋትን መድፍ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የእርስዋንም ስም አብሮ እንዲያነሣ በትሕትና አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ