ተሟጋች የኾነው ዳኛ

በብሪታንያ ደሴት በስተሰሜን ስኮትላንድ የሚባል አገር አለ። ይህ አገር በጥንት ዘመን ከእንግሊዝ ተለይቶ የራሱ ንጉሥ ነበረው። በ13ኛው መቶ ዓመት ሮበርት ብሩስ የሚባል ባላባት ነበረ፤ በስኮትላንድ አናንዴል፥ በእንግሊዝም ሐርትልፑል ርስቱ ነበሩ። ስለዚህ ለኹለቱም ነገሥታት ይገዛ ነበር።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1264 ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ሦስተኛው ሄንሪ ከመኳንንቱ ጋራ በሉዊስ በተዋጋ ጊዜ፥ ብሩስ ከንጉሡ ጋራ ተሰልፎ ተማረከ። ንጉሡም በ1268 በችሎቱ ላይ ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው። በዚህ ማዕርግ በዚያ ወንበር የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። እስከ 1269 ድረስም የሰውን ሙግት እየሰማ ፈረደ።

በ1286 የስኮትላንድ ንጉሥ ሦስተኛው አሌክሳንደር በሌሊት ሲጓዝ ከፈረሱ ወድቆ ሞተ። ልጆቹ አስቀድመው ሞተው ነበርና፥ ወራሹ በኖርዌይ የምትኖር ሕፃን የልጅ ልጁ ማርጋሬት ነበረች። ያን ጊዜ የፍርድን መንገድ የሚያውቀው ብሩስ ጭፍራውን ይዞ ወጣ፤ ዱምፍሪስንና ሌሎችንም ግምቦች በጉልበት ያዘ። መኳንንቱ ግን ለሕፃኒቱ ታመኑ። እርስዋም በ1290 በባሕር ስትመጣ በመንገድ ሞተች፤ አልጋውም ወራሽ አጣ።

አልጋው ይገባኛል የሚሉ ሰዎች 13 ያህል ተነሡ። ከነዚህም ዋኖቹ ጆን ባልዮልና ብሩስ ነበሩ። ኹለቱም የኹለት ነገሥታት ወንድም ከነበረው ከዴቪድ ይወለዳሉ። ባልዮል የዴቪድ ታላቂቱ ሴት ልጅ የልጅ ልጅ ነው፤ ብሩስ ግን የኹለተኛዪቱ ልጅ ነው። ባልዮል በታላቅነት፥ ብሩስ በቅርብነት ተከራከሩ።

የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ሊዳኛቸው መጣ፤ አስቀድሞ ግን እርሱ የበላያቸው ጌታ መኾኑን እንዲቀበሉ አስገደዳቸው። ለሸንጎውም 104 ሰዎች ተመረጡ፤ 40ውን ብሩስ፥ 40ውን ባልዮል፥ 24ቱን ኤድዋርድ መረጡ። ቀድሞ በወንበር ተቀምጦ ይፈርድ የነበረው፥ አሁን ሰማንያ ዓመት ገደማ የኾነው ሽማግሌ፥ በሌላ ዳኛ ፊት ቆመ።

ብሩስ በመጀመሪያ መንግሥት አይከፈልም እያለ ኹሉንም ለራሱ ጠየቀ። እንደሚረታ ባየ ጊዜ ግን ቃሉን ለውጦ፥ መንግሥቱ እንደ ርስት ይከፈልና ሢሶው ይድረሰኝ አለ። እርሱ ራሱ ከመረጣቸው ሰዎች እንኳ ብዙዎቹ ለባልዮል መሰከሩ። በኅዳር ወር 1292 ኤድዋርድ በበሪክ ከተማ አልጋውን ለባልዮል ፈረደ።

ብሩስ ግን ልቡ አላረፈም። ከፍርዱ ጥቂት ቀን በፊት መብቱን ለልጁና ለወራሾቹ አሳልፎ ነበር። እርሱም በ1295 ሞተ። በስሙ የተጠራው የልጅ ልጁ በ1306 ነገሠ፤ በ1314ም በባኖክበርን የእንግሊዝን ጦር ድል አደረገ። አያቱ በችሎት ያጣውን አልጋ የልጅ ልጁ ያገኘው በሰይፍ ነው፤ ስለዚህም ብዙ ደም ፈሰሰ።

ብሩስ ሕግ ዐዋቂ ነበረ። ነገር ግን የባልንጀራውን ነገር አጥርቶ የሚያይ ዐይን በገዛ ጥቅሙ ላይ ይጨልማል። ስለዚህ ብልኅ ሰው በገዛ ጉዳዩ ራሱን ዳኛ አያደርግም።