አበበ ቢቂላ ከሮም በፊት የሮጣት ማራቶን

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ የመጀመሪያ ማራቶኑን የሮጠው የት ነው?

ሮም ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሰሞኑን ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ይህንኑ ስጠይቅ ነበር፤ አብዛኛው ሳያስብ ሮም ይለኛል። መልሱ ግን አዲስ አበባ ነው። ከሮም ኦሊምፒክ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ እዚሁ በገዛ አገሩ 42 ኪሎ ሜትሩን ሮጦ አንደኛ ወጥቷል። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ ነበር።

ይህቺ ቁጥር ለምን እንዳልለቀቀችኝ ልንገራችሁ። የምኖረው ቡራዩ ነው። ጠዋት ታክሲ ስጠብቅ በአምቦ መንገድ ዳር ዳሩን በቡድን የሚሮጡ ልጆች ያልፉኛል። ሱሉልታና ሰበታ ያሉ ጓደኞቼም የየሠፈራቸው ጠዋት እንዲሁ እንደሆነ ይነግሩኛል። አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው የተቀመጡ የሯጭ ሠፈሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ከእነዚያ ልጆች አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጦ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ገባና፣ በቃ እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም ብሎ ተወው። ጫማውንም ሸጠው። አበበ ቢቂላ የመጀመሪያ ማራቶኑን በስንት ሰዓት እንደጨረሰ ማንም አልነገረውም ነበር።

የሚነገረን ሌላ ነው። ከገጠር የመጣ ድሃ ወታደር፣ በመጨረሻ ሰዓት የሌላ ሯጭ ተተኪ ሆኖ አውሮፕላን ላይ ወጣ፣ ጫማ አልነበረውም፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ችግሩ ግን ሥራውን ሁሉ ከሰውየው ላይ ወስዶ ለዕድል መስጠቱ ነው። እንግዲያው ሕይወቱን ከመጀመሪያው እንየው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ግጥምጥሞሹ ይገርማል፤ በዚያው ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። ገና ጨቅላ ሳለ ጣሊያን አገሩን ወረረ፣ ቤተሰቡም ቀዬውን ጥሎ ለመሸሽ ተገደደ። እንደ ብዙው የገጠር ልጅ ከብት እየጠበቀ፣ ገና እየተጫወተ አደገ። የገና ጨዋታን በሜዳ ላይ አይታችሁ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያስሮጥ ታውቃላችሁ።

በ20ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ክቡር ዘበኛ ገባ። በዚያን ዘመን ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉት ይናገራሉ። አሁን በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ በሚኒባስ ስትወጡ ጆሯችሁ የሚደፈነው እኮ ያለምክንያት አይደለም። ሱሉልታ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወደ ከተማ ለመውረድ መጀመሪያ የእንጦጦን ጀርባ መውጣት አለ። ስትመለሱ ደግሞ ያው ዳገት ከነክብሩ ይጠብቃችኋል። ዛሬ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም የሠራው፣ ከውጭ አገር ሳይቀር አትሌቶች ለልምምድ የሚመጡት እዚያው ሱሉልታ ነው። አበበ በዘመኑ ማንም ሳያየው የተመላለሰው በዚህ አገር ላይ ነበር።

ያየው ሰው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። የክቡር ዘበኛ አሠልጣኝ ሆኖ ይሠራ ነበር። አበበ ግን ኒስካነን እንዳየው ወዲያው ኮከብ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1956 በጦር ኃይሎች ውድድር ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ ወደ ሜልቦርን በሄደው ቡድን ውስጥ አበበ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ልምምድ ነው። ረጅም ርቀት፣ ዳገት፣ በመም ላይ ደግሞ ፈጣን ምልልስ። አራት ዓመት ሙሉ!

ከዚያ ነው ያቺ የመጀመሪያ ማራቶን የመጣችው፣ በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ። ከአንድ ወር በኋላ እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው የኦሊምፒክ ማጣሪያ ደግሞ 2:21:23 ገባ። በአንድ ወር ውስጥ 18 ደቂቃ ማለት ነው። የሰው ጉልበት በአንድ ወር እንዲህ አይጨምርም። እኔ እንደሚገባኝ ጉልበቱማ ድሮም ነበረ፤ የመጀመሪያዋ ማራቶን ያስተማረችው ርቀቱን ነው። ማራቶን ሮጠው የማያውቁ ሰዎች ታላቁ ሩጫን አራት ጊዜ እንደመሮጥ ያስቡታል፣ ተጨማሪ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ያለው። የሮጡት ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ሌላ ውድድር እንደሚጀመር ይነግሯችኋል። ሰውነት ያጠራቀመው ስንቅ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ይህንን ደግሞ ሮጦ ካልሆነ በወሬ መማር አይቻልም።

የማጣሪያውን ሰዓት ከሌላ ነገር ጋር ላነጻጽርላችሁ። የዚያን ጊዜ የኦሊምፒክ ማራቶን ክብረ ወሰን የቼኩ ኤሚል ዛቶፔክ 2:23:03 ነበር። አበበ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ባለችው፣ አየሯ በሳሳው አዲስ አበባ ከዛቶፔክ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ተኩል በላይ ፈጥኗል። ስለዚህ የማንም ተተኪ ይሁን አይሁን፣ ሮም የገባው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ከኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ሰው ሆኖ ነው። ዓለም አላወቀውም እንጂ እሱና አሠልጣኙ ያውቁታል።

የባዶ እግሩም ነገር እንዲሁ ነው። አበበ ሮም ውስጥ አዲስ ጫማ ገዝቶ ነበር። ጫማው አልተመቸውም፣ እግሩ ውኃ ቋጠረ። ስለዚህ በለመደው በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። በውድድር ቀን አዲስ ጫማ አይሞከርም የሚለውን ምክር የሰማችሁ ሁሉ ምክንያቱ ይገባችኋል። ውሳኔው የጫማ እጦት አልነበረም፣ ስሌት ነው።

ውድድሩ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ ተጀመረ። ቀኑን ልብ በሉ፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ መሪነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር አበበ አልተቻኮለም። ወደ 25 ኪሎ ሜትር ሲቃረቡ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ሁለቱ ብቻ ተነጥለው ወጡ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤቱ የሶቪየቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ከኋላ ቀርቷል። ጨለማው ሲመጣ በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ዳርና ዳር የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመው መንገዱን አበሩላቸው። አገር ቤት የዓውደ ዓመት ችቦ በሚለኮስበት ማታ፣ አበበ በችቦ ብርሃን መሐል በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር።

መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፋል። ያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ወስዶ ሮም ላይ ያቆመው፣ በ1997 ዓ.ም. ወደ ቤቱ የተመለሰው ሐውልት ነው። አበበ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ ሐውልቱ አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ራዲን ጥሎት ሄደ። 2:15:16.2 የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከወረሩት አገር ዋና ከተማ፣ ከተዘረፈው ሐውልት ሥር የተነሳ ልጅ አሸነፈ። ከገባ በኋላ መሬት ላይ አልተዘረረም፤ ጎንበስ ቀና እያለ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ፤ እሱን ደግሞ ማን ያስታውሰዋል?

እንግዲህ ቁጥሮቹን ደርድሯቸው፦ 2:39፣ 2:21፣ 2:15። ሦስቱም በአንድ ክረምት። ሦስተኛዋን ብቻ ያየ ሰው ተአምር ነው ይላል። ሦስቱንም ያየ ሰው ግን የሚያየው የሚማር ሰው ነው።

ትምህርቱ እዚያም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ላይ ከማሞ ወልዴ ጋር በጣም ፈጥነው መሩ፤ በኋላ ብርዱና ዳገቱ ጎዳቸውና አበበ አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዓመቱ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ሊደርስ 40 ቀን ያህል ሲቀረው ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሰው ሁሉ ቀረ ሲል፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በጫማ ሮጦ 2:12:11.2 ገባ። ሁለተኛው ሰው ስታዲየም የደረሰው ከአራት ደቂቃ ያህል በኋላ ነው። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ያውም በጫማ። ባዶ እግር ምስጢሩ አልነበረም ማለት ነው።

ሜክሲኮ ላይ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እግሩን ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ጀግናም ያቋርጣል።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ወጥመድ ሆነችበት። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ እጆቹን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። ወራት ከፈጀ ሕክምና በኋላ እጆቹ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ዓለም ያጨበጨበላቸው እግሮች።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ማንም አይፈርድበትም ነበር። እሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት መወርወርና ጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፣ በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ። በቀጣዩ ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው መንሸራተቻ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ። ከደብረ ብርሃን መንደር የመጣ ሰው በኖርዌይ በረዶ ላይ! እንደገና ጀማሪ ለመሆን አላፈረም። ለእኔ ከሮምም ከቶኪዮም የሚበልጥብኝ ይህ ነው።

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የጭንቅላት ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው።

ታዲያ ዘንድሮ የመጀመሪያ ማራቶናችሁን ልትሮጡ ላሰባችሁ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይም ሆነ ሰበታ አስፋልት ላይ ለምትለፉ ልጆች፣ ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ የወሰድኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ከማራቶኑ በፊት ዓመታት አሉ፤ በሁለት ወር ዝግጅት 42 ኪሎ ሜትር አይደፈርም። ሁለተኛ፣ አበበ ባዶ እግሩን ስለሮጠ እናንተም ጫማ አውልቁ ማለት አይደለም፤ የለመዳችሁትን አትቀይሩ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያልፏችሁን እለፉ በሏቸው፤ አበበም ሮም ላይ ግማሽ መንገድ ሌሎች እንዲመሩ ትቶ ነበር።

ዋናው ግን ይሄ ነው። የመጀመሪያ ማራቶናችሁ ሰዓት ፍርድ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው መተግበሪያ 2:39 ወይም 4:39 ቢጽፍላችሁ የማንነታችሁ ልክ አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የተማራችሁት ልክ ነው። አበበም 2:39 ገብቶ ያውቃል፤ በማግሥቱ ግን ጫማ ሻጭ ፍለጋ አልሄደም፣ ወደ ልምምዱ ተመለሰ እንጂ።