የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊ የሩዶልፍ ዲዝል አጭር የሕይወት ታሪክ



የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ መጻፍ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምንመርጠው ከነገሥታት፥ ከአርበኞች ወይም ከደራስያን አንዱን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማቀርብላችሁ ሥራውን በብቸና መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየውን፥ ማንነቱን ግን ከመካከላችን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን ሩዶልፍ ዲዝልን ነው። ታሪኩን እንድፈልግ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን መናገር ይገባኛል።

አባቴና እናቴ የሚኖሩት በሞጣ ነው፤ እኔ ግን ለትምህርት ብቸና በአጎቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አጎቴ ከብቸና በደብረ ወርቅ በኩል እስከ ሞጣ ሰውና እህል የሚያመላልሱበት አሮጌ የናፍጣ ላንድሮቨር አላቸው። ትምህርት በማይኖርበት ቀን ረዳታቸው እኔ ነኝ። ከሥራዎቼም አንዱ በየቅዳሜው ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር ያለችውን ብሎን አላልቶ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፥ የአየር ማጣሪያውንም አቧራ ማራገፍ ነበር። በአንድ ክረምት ይህን ሥራ ችላ አልሁት። ናፍጣው ከበርሜል እየተቀዳ እንደሚመጣ፥ በርሜሉም ዝናብ ላይ እንደሚቆም ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን መኪናው እስከ ተነሣ ድረስ ምን ቸገረኝ ብዬ ቅዳሜዎቹን በኳስ አሳለፍኋቸው። ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባም በዚያው ቀጠልሁ።

በጥር ወር በአንድ ሌሊት የአጎቴን ልጅ ከሆዱ በስተቀኝ ክፉኛ አመመው። ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ግድም በጋቢ ጠቅልለን ከመኪናው አስገባነው። ብርዱ ጣትን ያደነዝዝ ነበር። አጎቴ ቁልፉን ሲያዞሩት ሞተሩ እየከበደው ይሽከረከራል እንጂ አይነሣም። ባትሪው እስኪደክም ሞከሩት። ጎረቤት ተጠርቶ ቢገፋም መኪናው ነጭ ጭስ ተፍቶ ዝም አለ። ሲነጋ ፊልትሮውን ቢፈቱት ግማሽ ብርጭቆ የሚያህል ውሃ ተገኘበት፤ የአየር ማጣሪያውም በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ያን ሁሉ አጽድተን፥ ከናፍጣው መስመር አየሩን አውጥተን፥ ፀሐይም ሞተሩን ካሞቀችው በኋላ በሦስት ሰዓት ተነሣን። ከሆስፒታል ስንደርስ የልጁ ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፥ በሕይወት ተረፈ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመተኛቱ አንድ ዓመት ከትምህርት ቀረ። እኩዬ የነበረው ልጅ ዛሬ ከእኔ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ይማራል። አጎቴ ስለዚያ ውሃ እስካሁን አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ብርድና ጥቂት ውሃ ይህን ያህል የሚያሸንፉት ሞተር ምን ዓይነት ነው፥ ማንስ ሠራው እያልሁ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ ዲዝል መጋቢት 18 ቀን 1858 በፓሪስ ተወለደ። ወላጆቹ ከባቫርያ የመጡ ጀርመናውያን ሲሆኑ አባቱ በቆዳ ሥራና በመጽሐፍ ጥረዛ ይተዳደር ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩስያ መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ቤተ ሰቡ ፓሪስን ለቆ ወደ ሎንዶን ለመሰደድ ተገደደ። ሩዶልፍ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበር። በሎንዶንም ኑሮ ስለ ጠበበ አውግስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ከሚኖር የሒሳብ መምህር ዘመዱ ዘንድ እንዲማር ተላከ። ለትምህርት ከወላጆቻችን ተለይተን በዘመድ ቤት የተቀመጥን ልጆች የዚህን ብላቴና ልብ ሳንረዳው አንቀርም።

በአውግስቡርግ ትምህርት ቤት አየርን በድንገት በማመቅ እሳት የምታጭር የመስተዋት ቧንቧ ነበረች፤ የኋለኛውም ሐሳቡ ከእርስዋ እንደ ጀመረ ይነገራል። ነገሩ አስማት አይደለም። የብስክሌት ጎማ በፖምፓ የነፋ ሁሉ የፖምፓው ጫፍ እንደሚሞቅ ያውቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃል፤ እጅግ ሲታመቅ ደግሞ እሳት እስኪያስነሣ ድረስ ይግላል።

ከዚያ በሙኒክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሊቅ የሆነው የካርል ፎን ሊንደ ተማሪ ሆነ። መምህሩ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር፥ ከድንጋይ ከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ከመቶ ዐሥር እጅ እንኳ እንደማይሞላና የቀረው በከንቱ እንደሚጠፋ ገለጠ። ዲዝል ይህን ብክነት ከሐሳቡ ሊያወጣው አልቻለም። በታይፎይድ ታሞ ፈተናው ቢዘገይበትም በ1880 በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ቀጥሎም በፓሪስ በሊንደ የበረዶ ፋብሪካ ሥራ ያዘ፤ በ1883 አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለደ። ቀን በረዶ እየሠራ ማታ የሚያስበው ስለ እሳት ነበር።

በ1892 የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ለበርሊን መንግሥት አመለከተ፤ በ1893ም ተፈቀደለት። ሐሳቡ ይህ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳቱን የምትለኩሰው ካንዴላ ናት። በዲዝል ሞተር ግን ለኳሹ የታመቀው አየር ራሱ ነው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ያምቀዋል፤ በዛሬዎቹ ሞተሮች አየሩ እጅግ ሲጨመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣ እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይነድዳል።

የጥሩ ሌሊት ነገር የተገለጠልኝ ከዚህ ስደርስ ነው። ሞተሩ የሚነሣው በአየር ሙቀት ብቻ ከሆነ፥ ሌሊቱን የበረደው የሲሊንደር ብረት ያን ሙቀት ገና ሳይወለድ ይሰርቀዋል። በብርድ ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪውም ይደክማል፤ ስለዚህ ፒስተኑ በዝግታ ስለሚወጣ አየሩ በሚገባ ሳይግል ይቀራል። ለዚህ ሲባል በእንደ አጎቴ መኪና ያሉ ሞተሮች አስቀድማ የምትግል የማሞቂያ ካንዴላ ተበጅታላቸዋለች። እርስዋም ከደከመች፥ በናፍጣው ምትክ ውሃ ከመጣ፥ ማጣሪያው አየር ከከለከለ፥ ገፊ ቢበዛ ምን ይረዳል? ያን ሌሊት ያየነው ነጭ ጭስም ሳይነድድ የወጣ ናፍጣ ነበር። ውሃው ደግሞ ከበርሜል ብቻ አይመጣም። ግማሽ ጐዶሎ ሆኖ ያደረ ታንከር ቀን የሳበው እርጥብ አየር ሌሊት ሲበርድ እንደ ጤዛ ይወርድበታል። አጎቴ ማታ ማታ ታንከሩን የሚሞሉት ለዚህ ኖሯል፤ እኔ ለገንዘብ አያያዝ ይመስለኝ ነበር።

በሀገራችን አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። አውግስቡርግ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ብቸናና ሞጣ ግን በ2,500 ሜትር ከፍታ ግድም ላይ ናቸው። እዚህ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የአየሩን ማነስ ሳያስተውል ናፍጣ የሚያበዛ ፖምፓ ካለበትም ጥቁር ጭስ ያወጣል። ከዓባይ በረሓ ወደ ደጀን የሚወጡ አሮጌ መኪናዎች የሚያቃስቱት በዳገቱ ብቻ አይደለም፤ በወጡ ቍጥር የሚተነፍሱት እያነሰ ስለሚሄድ ጭምር ነው። ውሃም በእኛ ከፍታ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ካረጀና እንፋሎቱን ካላፈነ፥ ዝቅ ባለው አገር የማይፈላው መኪና እዚህ ይፈላል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። የአውግስቡርግ መኪና ፋብሪካና የክሩፕ ኩባንያ ገንዘብ ሰጥተውት ዲዝል ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያው ሞተር የውሃ ማቀዝቀዣ አልነበረውም፤ ሙቀት በከንቱ እንዳይባክን ያለ ውሃ ሊሠራ ዐስቦ ነበርና። ነሐሴ 10 ቀን 1893 በተሞከረ ጊዜ እሳቱ ቢነሣም የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ተበታተነ። በየካቲት 1894 ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። ከዚያ በኋላም ዓመታት አለፉ፤ ማቀዝቀዣውም ገባ፤ በየካቲት 1897 ፕሮፌሰር ሽሮተር የሚባል ሊቅ መርምሮ ሞተሩ ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ ያህሉን ወደ ሥራ እንደሚለውጥ መሰከረ። በዘመኑ ይህን የሚተካከል ሞተር አልነበረም።

ዲዝል ባለጠጋ ሆነ። የአሜሪካው መብት ብቻ በአንድ ሚሊዮን ማርክ ተሸጠ። በሙኒክ ታላቅ ቤት አሠራ። ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው መከራ ለእኔ ከድሉ ይልቅ ትምህርት ሆኖኛል። በ1898 ለንግድ የተሸጠው የመጀመሪያው ሞተር ኬምፕተን በምትባል ከተማ በክብሪት ፋብሪካ ተተከለ። ተተክሎም ዐላረፈም፤ ብልሽት በዛበት፤ ከአውግስቡርግ መሐንዲሶች እየተመላለሱ ያስታምሙት ጀመር። በፈተና ቀን ሊቃውንት ከበውት በሚገባ የሠራ ሞተር፥ ዕለት ዕለት በሚያሠሩት እጅ ሲገባ እምቢ አለ። ገዢዎች ተማረሩ፤ ዲዝል ራሱ ያቋቋመው የሞተር ፋብሪካም ከሰረ። እርሱም በሐሳብ ብዛት ታሞ ለማረፍ ተገደደ። ሞተሩን ያዳኑት የአውግስቡርግ ፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ በተለይም ዋና ሥራ አስኪያጁ ሃይንሪክ ቡትስና መሐንዲሱ ኢማኑኤል ላውስተር። እነርሱ ቫልቩን እያረሙ፥ መርጫውን እያሻሻሉ፥ የተበላሸውን በትዕግሥት እያስተካከሉ ለሰው የሚመች አደረጉት። በእኔ አስተያየት እነዚህም ሰዎች ሐውልት ይገባቸዋል፤ ስማቸውን ግን ማን ያነሣል?

በ1900 በፓሪስ በተደረገው ኤግዚቢሽን አንድ አነስተኛ የዲዝል ሞተር በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቶ ታየ። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው ስለ ጎጃም ኑግ ማሰባቸው አልቀረም። እኔም ተስፋ እንዳይጥሉ ብዬ ዘይቱ ሳይዘጋጅ እንዲሁ ቢጨመር ወፍራም ስለ ሆነ በብርድ እንደማይረጭ፥ ሲቃጠልም መርጫውን በጥቀርሻ እንደሚደፍነው ነገርኋቸው።

በዲዝል ዘመን ሞተሩ ለመኪና አልደረሰም፤ ናፍጣውን በታመቀ አየር የሚነፋ ከባድ መሣሪያ ያስፈልገው ነበርና በይበልጥ ለፋብሪካና ለመርከብ ይውል ነበር። በጀርመን የናፍጣ የጭነት መኪናዎች የወጡት በ1923 እና በ1924 ነው፤ የቦሽ ፖምፓም በ1927 መሸጥ ከጀመረ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። ለቤት መኪና የደረሰው በ1936 ነው። ፈልሳፊው ይህን ሁሉ አላየም። በነዳጅ መሬት ንግድ ገንዘቡን አጥፍቶ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር። መስከረም 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ አገር ለመሻገር ድሬዝደን በምትባል መርከብ ተሳፈረ። እራት በልቶ ባልንጀሮቹን ተሰናብቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ሲነጋ ግን አልተገኘም። አልጋው አልተኛበትም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሆላንድ ጀልባ ሬሳ አግኝታ ከኪሱ የተገኙትን ዕቃዎች ይዛ መጣች፤ ልጁም የአባቱ መሆናቸውን ዐወቀ። ራሱን ወደ ባሕር ጣለ የሚሉ ይበዛሉ፤ ተገደለ የሚሉም አልጠፉም። ዕድሜው 55 ዓመት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ለአጎቴና ለልጃቸው አነበብሁላቸው። አጎቴ ድሬዝደን በናፍጣ ትሄድ እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ በእንፋሎት እንደ ነበረች ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ዕለቱ ቅዳሜ መሆኑን አስታወሱኝ። የአጎቴ ልጅ ቀድሞኝ ተነሥቶ ቁልፉንና ውሃ መቀበያውን ጣሳ ይዞ ወጣ።