ጃንሆይ ሰው ነበሩ

መሲሑ በዚህ ቀን ይገለጣል፣ ዓለም በዚህ ዓመት ታልፋለች እያሉ ቀን የቆረጡ ሰባኪያን በክርስትናው ዓለም ጥቂት አይደሉም። አሜሪካዊው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ኢየሱስ ይመለሳል ብሎ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስጠብቆ ሌሊቱ እንደ ሌላው ሌሊት ነጋ። ይህን ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። ዛሬ የማነሳው ግን ትንቢቱ ከባሕር ማዶ ተነግሮ፣ ዕዳው ግን እዚሁ በእኛው ስምጥ ሸለቆ የቀረውን ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

የምኖርባትን አዳማን ናዝሬት ያሏት እርሳቸው ናቸው። ቢሾፍቱንም ደብረ ዘይት አሏት። የነቢዩ ኢሳ (ዐ.ሰ.) አገር ካርታ መጥቶ በኦሮሞ ምድር ላይ ተዘረጋ ማለት ነው። አዳማ በ1992 ስሟ ተመልሶላታል፤ በሰው አፍ ግን ናዝሬት ዛሬም አለች። ስም ማውጣት ተራ ነገር አይምሰላችሁ። የጃንሆይ መንግሥት ከመጽሐፍ ቅዱስ በተወሰደ ስምና በመጽሐፍ ቅዱስ በተተረጎመ የዘር ሐረግ ላይ የቆመ ነበር፤ ነገሩን ሁሉ የሚያስረዳንም ይኸው ነው።

ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ከሐረር ወጣ ብላ በምትገኘው ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኮንን የሐረር ገዥ ነበሩ። ሐረር በምኒልክ ጦር ከተያዘች ገና አምስት ዓመት ገደማ ብቻ ሆኗት ስለነበር ልጁ ያደገው በመስጊድና በአዛን መካከል ነው። የእናታቸው አባት ስም ዓሊ ይባላል። በኋላ ያገቧቸው ወይዘሮ መነንም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ነበሩ፤ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ከመጠመቃቸው በፊት ሙሐመድ ዓሊ ይባሉ እንደነበር የታወቀ ነው። እንግዲህ ከእስልምና ርቀው ያደጉ ሰው አልነበሩም።

ወደ ዙፋን ያቀረባቸው ግን የእስልምና ክስ ነው። ልጅ ኢያሱ ከሙስሊሞች ጋር ተወዳጀ፣ ሃይማኖቱንም ለወጠ ተብሎ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲወርድ፣ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉና ነገሩ ተዘጋ። ስለዚያ ክስ እውነትና ውሸት ብዙ ተጽፏልና አልመለስበትም። የሚገርመኝ፣ አንድ መሪ ለሙስሊም ወገኑ ፊት መስጠቱ ብቻ ዙፋን የሚያሳጣ ወንጀል መሆኑ ነው።

ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ማዕረጋቸው ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ፣ ሥዩመ እግዚአብሔር የሚል ነበር። በነጋታው ዓመት ሳይሞላ የወጣው ሕገ መንግሥትም የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ጋር አያይዞ በሕግ አጸደቀው። በ1948ቱ ሕገ መንግሥትም ይኸው ጸና፤ የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ ነው ተባለ። አገር ውስጥ ያለው ሰው ይህን የቤተ መንግሥት ወግ አድርጎ ያየው ነበር። ከወደ ጃማይካ ያለው ሰው ግን ቃል በቃል አነበበው።

በዚያች በእንግሊዝ ቅኝ በተያዘች ደሴት ላይ፣ የባሪያ ልጆች ልጆች የሆኑ ድሆች ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ የሚያነቡት እምብዛም አልነበራቸውም። የዮሐንስ ራእይ ስለ ይሁዳ አንበሳ ይናገራል፤ የዳዊት መዝሙር ኢትዮጵያን ይጠቅሳል። ማርከስ ጋርቪ ጥቁር ንጉሥ በአፍሪካ ሲነግሥ መዳናችሁ ቀርቧል ብሎ ተንብዮ ነበር የሚል ወሬ ተዛመተ። እንዲህ ማለቱን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ግን አልተገኘም፤ ጋርቪ ራሱም ከጣሊያን ወረራ በኋላ ጃንሆይን ክፉኛ ነቅፏቸዋል። ነቢዩ ሳይተነብይ ትንቢቱ ደረሰ ተባለ! ሊዮናርድ ሃውል የሚባል ሰባኪ የንጉሡን ፎቶግራፍ እየሸጠ መሲሑ እኚህ ናቸው ሲል ሰበከ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 መንግሥትን በመቃወም ተከሶ ታሰረ። ተከታዮቹ በንጉሡ የቀድሞ ስም ራስ ተፈሪያን ተባሉ።

መሲሑ ግን ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከፋሽስት ጦር ሸሽተው ከአዲስ አበባ በባቡር ወጡ። ሐዲዱ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው በአዳማ በኩል ነው። ይህን ጽሑፍ ሳሰናዳ ደጋግሜ ያሰብኩት ያንን ባቡር ነው። ጃማይካ ላይ ዓለምን ሊገዙ ነው የተባሉት ሰው፣ እዚህ በጣቢያችን በኩል ወደ ስደት ሲያልፉ! ነገር ግን ትንቢት አማኝ በእንዲህ ያለው አይደናገጥም። ሽሽቱንም ትርጉም ሰጠው፤ በ1933 ሲመለሱማ ጭራሽ ተፈጸመ አለ።

በ1940ዎቹ ጃንሆይ በወረራው ጊዜ ኢትዮጵያን ለደገፉ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁሮች ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። ለውለታ የተሰጠ ስጦታ ነበር። ዙሪያውን የሚኖረው አርሲ፣ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ማን ጠየቀው? ስጦታው በጃማይካ ሲሰማ ግን የተስፋይቱ ምድር በር ተከፈተ ተባለ። ክላውዲየስ ሄንሪ የተባለ ቄስ ወደ አፍሪካ መመለሻው ቀን መስከረም 24 ቀን 1952 ነው ብሎ ቀን ቆረጠ። በአንድ ሽልንግ ካርድ ሸጠ። ሰው ጎጆውንና ዕቃውን ሸጦ፣ ልጆቹን ይዞ ኪንግስተን ከተማ ተሰበሰበ። መርከብ አልመጣም። ሄንሪም በዓመቱ በአገር ክህደት ወንጀል ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ጃንሆይ ጃማይካን ጎበኙ። አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ መቶ ሺህ ይሆናል ይባላል፤ ከግርግሩ የተነሳ ንጉሡ ከአውሮፕላኑ ለመውረድ ዘገዩ። ከራስ ተፈሪያን መሪዎችም ጋር ተገናኙ። እዚህ ላይ ነው ሚዛኑ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ስትጋረድ፣ ሰዉ ለእርሱ ሞት ነው ማለት ጀመረ። ልጁን ያጣ አባት ይህን ሰምቶ ዝም ቢል ማን ይፈርድበታል? እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሰው ሞትም ሆነ ሕይወት እንደማይጋረዱ እዚያው ተናገሩ። ጃንሆይስ? አምላክ ነኝ አላሉም። ከጉዞው በኋላ ለአንድ የካናዳ ጋዜጠኛ ሟች ሰው መሆናቸውን ነግረውታል። ወደ ደሴቲቱም ሰዎቹን የሚያስተምርና የሚያጠምቅ የኦርቶዶክስ መልእክተኛ ተልኳል፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን እምነት ተቀብላው አታውቅምና ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ፍትሐዊ እንሁን። ነገር ግን ያን መቶ ሺህ ሕዝብ ፊት ለፊት ቆመው እኔ እንደናንተ ነኝ፣ ተዉ ሲሉ አልተሰማም። ለምን ቢባል፣ የእኔ ግምት ይህ ነው፤ የይሁዳ አንበሳነቱ ተረት ነው ቢሉ የገዛ ዙፋናቸው ይናጋ ነበር። የሰሎሞንን ዘር በሕገ መንግሥት የጻፈ ንጉሥ፣ ያንኑ ወረቀት አጋንኖ ያነበበውን ድሃ እንዴት አድርጎ ይገሥጻል?

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ጎረቤታችን ሱዳን ላይ ሙሐመድ አሕመድ መህዲ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ካርቱምን በያዘ በወራት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1885 ሞቷል።

የጃንሆይ ፍጻሜ በአጭሩ የሚነገር ነው። ሐቁን ለመናገር ቅዱስ ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በዘመናቸው፣ በ1961 ነው። ይሁን እንጂ የወሎ ረሃብ ሲገለጥ መንግሥታቸው ተንገዳገደ፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ሙስሊሙ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ እኩልነቱን ጠየቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ሞቱ። ደርግ በሕመም ነው ቢልም፣ መገደላቸው በኋላ በፍርድ ቤት ተረጋግጧል።

ጃማይካ ግን አላመነችም። ቦብ ማርሌ በዚያው ሰሞን ሕያው ናቸው ብሎ ዘፈነ፤ የሚገርመው እርሱ ራሱ ከመሞቱ በፊት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ባረፉ ዕለት ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ ሞታቸውን መቀበል አቅቷቸው ነበር። አቡበክር (ረ.ዐ.) ወጥተው ሙሐመድን የሚያመልክ ቢኖር እርሳቸው መሞታቸውን፣ አላህን የሚያመልክ ግን አላህ እንደማይሞት ነግረው ሕዝቡን ወደ ልቡ መለሱት። ራስ ተፈሪያን አቡበክር አልነበራቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ሻሸመኔ ወርጄ ጃማይካ ሰፈር ከአንድ ፀጉሩን ከገመደ አዛውንት ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ። ወጣት ሆኖ የመጣ ነው። ንጉሡ ሞተዋል አልለውም ብሎ ሳቀብኝና፣ ከዚያ ድንገት ስለ ልጆቹ መታወቂያ ማውራት ጀመረ። ደርግ በ1967 የገጠርን መሬት የመንግሥት ሲያደርግ የስጦታውም መሬት አብሮ ሄዷል፤ ጥቂት ይዞታ ብቻ ተረፋቸው። አገሬ ብለው የመጡባት ኢትዮጵያም ዜጋዬ አላለቻቸውም። እዚሁ የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ ያለ ወረቀት አደጉ።

በ1984 የንጉሡ አፅም ከቤተ መንግሥቱ ግቢ ወጣ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበር አንዳንድ ራስ ተፈሪያን ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ግን የእርሳቸው አፅም አይደለም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 2009 መንግሥት ለሻሸመኔዎቹ የነዋሪነት መታወቂያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ከመጡ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።