ከቀይ ባሕር ዐለት እስከ ጣና ሐይቅ፦ የኤድዋርድ ሩፔል የሕይወት ጉዞ

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ባህላዊ ዕቃ ወደሚሸጥባቸው ሱቆች ጎራ ያለ ሰው ዛጎል የተሰፋባቸውን የቆዳ ዕቃዎች ማየቱ አይቀርም። ዛጎል የደጋ ተወላጅ አይደለም። በሞቃት ባሕር ዳርቻ፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በዘመናት ብዛት በገነቡት ዐለት መካከል ኖሮ፣ በነጋዴ እጅ ተራራ የወጣ እንግዳ ነው። ባሕሩና ደጋው የተራራቁ ቢመስሉም የሚያገናኛቸው መንገድ ከጥንት ጀምሮ ነበረ። ከ190 ዓመታት በፊት በዚያ መንገድ ከወጡት ተጓዦች አንዱ ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዛሬ ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዓለም ሳይንስ የሚጠሩባቸውን ስሞች የመዘገበው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ተራራው ከመውጣቱ በፊት የሠለጠነው በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከአጥማጆች ጎን ተቀምጦ ነበር።

ሩፔል የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 20 ቀን 1794 በፍራንክፈርት ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ስለነበር ልጁም የታሰበለት የንግድ ሕይወት ነበር። በ1817 ወደ ግብፅ ያደረገው ጉዞ ግን ሐሳቡን ለወጠው። ወደ አውሮፓ ሲመለስ ንግዱን ትቶ በጣሊያን አገር በፓቪያ የእንስሳትና የዕፅዋትን ጥናት፣ በጄኖቫም የሥነ ፈለክን ትምህርት ተማረ። በትውልድ ከተማው በ1817 የተቋቋመው የሴንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበርም አባል አድርጎ ተቀበለው። ለጉዞዎቹ የሚያስፈልገውን ወጪ በአብዛኛው የሸፈነው ግን ከራሱ ኪስ ነበር።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው እስከ 1827 ድረስ ዘለቀ። ሲና በረሃን፣ የአቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ኑቢያንና ኮርዶፋንን አየ፤ በቀይ ባሕር ዳርቻዎችም ዓሣ ሰበሰበ። ከእሱ በፊት የመጡ ተመራማሪዎች ዕጣ የሚያበረታታ አልነበረም። ስዊድናዊው ፒተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲመዘግብ ቆይቶ በ1763 በየመን ሞቷል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪሽም በ1825 ምጽዋ ላይ በሕመም አርፏል። የባሕሩ ዳርቻ ሙቀትና ወባ እንግዳን የሚምር አልነበረም።

ባሕሩ ራሱም ለማያውቀው ወጥመድ ነው። ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተደበቀው ኮራል የጀልባን ሆድ እንደ ቢላዋ ይሰነጥቃል። ስለዚህም የዳርቻው ሰዎች የሚጓዙት በቀን ብርሃን ነበር፤ ሲመሽ ከዐለቱ ከለላ ገብተው መልሕቅ ይጥላሉ። መንገድ መሪው ከፊት ቆሞ የውኃውን ቀለም ያነባል። ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ጥልቅ ነው፤ አረንጓዴ ሲሆን ውኃው እየሳሳ ነው፤ ቡናማ ሲሆን ዐለቱ ቀርቧል ማለት ነው። የትኛው ዓሣ በየትኛው ዋሻ እንደሚውል፣ በየትኛው ሰዓት ለመብል እንደሚወጣ፣ የትኛው በመንጠቆ፣ የትኛው በመረብ፣ የትኛውስ በጦር እንደሚያዝ የሚያውቀውም ይኸው አጥማጅ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው የቱንም ያህል መጽሐፍ ቢያነብ፣ ያለ እንዲህ ያለ መሪ ከኮራሉ ዐለት አንዲት ዓሣ ማውጣት ይቸግረዋል።

ሩፔል በዚህ መንገድ ያገኛቸው ዓሦች ዛሬም በእሱ ስም ተመዝግበው ይገኛሉ። በባሕር አበባ መሳይ እንስሳት እሾህ መካከል ተጠልላ የምትኖረውን ባለ ሁለት ቀበቶ ዓሣ በ1830 ለሳይንስ አስተዋወቀ። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ሊያልፍ የሚችለውን፣ በግንባሩ ላይ ጉብታ ያለውን ግዙፉን የኮራል ዓሣ በ1835 ገለጸ። ቀን በዋሻ ተኝቶ ውሎ ሌሊት የሚያድነውን፣ የክንፉ ጫፍ ነጭ የሆነውን የሻርክ ዝርያ ደግሞ በ1837 መዘገበ።

ሁለተኛው ጉዞው ወደ ኢትዮጵያ አመጣው። ቴዎዶር ኤርክል ከተባለ ወጣት ረዳቱ ጋር በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ወደ ደጋው ከመውጣቱ በፊት የዳህላክን ደሴቶች ጎበኘ። በዚያ ያሉ አጥማጆች ዱጎንግ የተባለውን፣ የባሕር ሣር ግጦ የሚኖር አጥቢ እንስሳ በጦር ያድኑ ነበር። ሩፔል ይህን እንስሳ መርምሮ በ1834 ባሳተመው ጽሑፍ ከድንኳን ጋር የተያያዘ ስም ሰጠው። በኦሪት ዘፀአት የተጠቀሰው የመገናኛው ድንኳን መደረቢያ ከዚህ እንስሳ ቆዳ የተሠራ ነው ብሎ ያምን ነበርና። እንስሳው ቀድሞ ከሚታወቀው የዱጎንግ ዝርያ ጋር አንድ መሆኑ በኋላ ስለታወቀ ስሙ አልጸናም።

በ1832 ወደ ደጋው ሲወጣ አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከተገደሉ ገና አንድ ዓመት ገደማ ነበር፤ በሰሜንና በትግራይ ኃይሉ ወደ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ዞሯል። መንገዱ በጦር ሠራዊትና በሽፍታ የተሞላ በመሆኑ መንገደኛ ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ካልተቀላቀለ በቀር በደኅና ለመድረስ አይተማመንም ነበር። ሩፔል የሰሜንን ተራሮች የተሻገረው በዚህ ሁኔታ ነው።

በባሕር ዳርቻ የተማረውም እዚህ ጠቀመው። አውሬው የት እንደሚውል የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። በገደሉ ጫፍ የሚዘለውን የተራራ ፍየል ሕዝቡ ዋልያ ይለዋል፤ ሩፔልም በ1835 ካፕራ ዋሊ ብሎ መዘገበው። ጭላዳም በዚያው ዓመት የአገሩን ስም እንደያዘ ጌላዳ ተብሎ ገባ። ቀይ ቀበሮ በ1840 ካኒስ ሲመንሲስ፣ ማለትም የሰሜን ተብሎ ተጻፈ። ረዳቱን ኤርክልንም አልረሳም፤ ለአንድ የደጋ ቆቅ ስሙን ሰጥቶታል።

በዚያው ዓመት ጎንደር ደርሶ እስከ 1833 ድረስ ተቀመጠ። ነገሥታቱ በስም ብቻ የሚነግሡባት ጎንደር ከቀድሞ ክብሯ ብትወድቅም የሊቃውንት ከተማ መሆኗ አልቀረም። በዚያ ወዳጅ ካደረጋቸው ሰዎች መካከል ሊቅ አጽቁ ይገኙበታል። እኒህ የጎንደር ሊቅ ከቆዩ መጻሕፍት አሰባስበው የነገሥታትን ዜና መዋዕል አዘጋጁለት። ሩፔል ከዚህ ሌላ የብራና መጻሕፍትን ሰብስቦ ወደ ፍራንክፈርት ወስዷል። መጻሕፍቱ ለአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ትልቅ ድጋፍ ሆኑ፤ የተጻፉባቸው ገዳማትና አድባራት ልጆች ግን ሊያዩአቸው ቢፈልጉ ባሕር መሻገር ግድ ሆነባቸው።

ከጎንደር ወደ ጣና ሲወርድ ደግሞ እንደገና ከአጥማጆች ጋር ተገናኘ። በጣና ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ማጥመድ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የቆየ ሙያ ነው። ሩፔል ከሐይቁ ያገኛቸውን ዓሦች በ1835 ሲያሳትም ለበርካቶቹ የሰጣቸው ስሞች ላቲንም ግሪክም አይደሉም፤ የአካባቢውን አጠራር የተከተሉ ናቸው። በሶ፣ ነጅያ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጓሪ ይላሉ። ጎርጓሪ የሚለው ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ትርጉም አያሻውም። ዓሣው ምን ሲያደርግ እንደሚውል ያየ ሰው ያወጣለት ስም እንደሆነ ራሱ ቃሉ ይናገራል። ያ ሰው ማን እንደነበር ግን የትም አልተጻፈም።

ሩፔል በ1834 ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የኢትዮጵያን ጉዞውን በሁለት ቅጽ ከ1838 እስከ 1840 አሳተመ። በ1839 የለንደኑ የሮያል ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው፤ ይህን ክብር ካገኙት የውጭ አገር ሰዎች የመጀመሪያው ነበር። በኋለኛው ዕድሜው ጊዜውን ለጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናትም ሰጠ። በዲሴምበር 1884 በ90 ዓመቱ በፍራንክፈርት አረፈ። አዲስ አበባ ያኔ ገና አልተቆረቆረችም።

እሱ ሌሎችን እንደሰየመ ሁሉ ሌሎችም በእሱ ስም ሰይመዋል። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ የሚበረው የሩፔል ጥንብ አንሳ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ አንዱ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ የወፎች ሁሉ የከፍታ ክብረ ወሰን ተመዝግቦለታል። ዛሬ ግን ይህ አሞራ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ ወፎች ተርታ ተሰልፏል።

ሩፔል የመዘገባቸው ሌሎችም ከዚህ አደጋ አላመለጡም። ባለ ጉብታው የኮራል ዓሣ ከልክ በላይ በመጠመዱ ከ2004 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር እንዲውል ተወስኗል። በዱር የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቷል።

ጣናም እንዲሁ ነው። ከእነ ጎርጓሪ ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑት ከ10 በላይ የዓሣ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ተለያይተው መገኘታቸው በዓለም ብርቅ ነው። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ፣ በዚሁ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ እንቁላል ያዘለችውን ዓሣ ከነዘሯ ይይዛታል። በኋላ የተካሄዱ ጥናቶችም ቁጥራቸው በእጅጉ ማሽቆልቆሉን አሳይተዋል። በመራቢያ ወራት ወንዝ አፍን ከመረብ ነጻ ማድረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአጥማጁን ስምምነትና የሕግ አስከባሪውን ትጋት ግን ይጠይቃል።

ሩፔል የሰበሰባቸው እንስሳት ዛሬም በፍራንክፈርቱ የሴንከንበርግ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ይገኛሉ። በሕይወት ያለውን ጎርጓሪ ማየት የሚፈልግ ግን እንደ ሩፔል ወደ ጣና ወርዶ የአገሩን አጥማጅ መጠየቅ አለበት።